ፍሬን የሚረግጥልኝ ሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከምሽቱ 1 ሰዓት

የኋላው ጎማ አሁንም ይነካል። ግራው። ቀኙ ደህና ነው። ከሥራ እንደገባሁ ልብስ እንኳ ሳልቀይር መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት፤ ጎማውን በእጄ አዞርኩት፤ ፓራፋንጎውን ከውስጥ ይፍቀዋል። ነገ በመዶሻ እሞክረዋለሁ።

ደብተሬ፣ ሰሞኑን ጠፋሁብህ። ስመጣ ደግሞ ግሪስ ይዤ ነው የምመጣው። ቻለው።

የት ነበርን? ኮሮላዋ። ባለሁለት በሯ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጠው። አሁን የፊት ጎማዎቿ ቀጫጭን፣ የኋላዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ፊቷ ቀና ብሏል፤ ኮፈኗ ሥር የራሷ ያልሆነ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ተቀምጧል። ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ከሽንኩርት ጋር ሐዋሳ የገባ። ስልኬ ላይ የድራግ መኪኖችን ሳይ ነው እንዲህ የሆንኩት። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል። መብራት ይበራል። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጥቂት ሴኮንድ፣ አለቀ። መታጠፍ የለም፤ መመለስ የለም። የኔዋ ግን ውድድር አትገባም። እኔ የምፈልገው ታርጋ፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ሁሉም ኖሯት በጠራራ ፀሐይ መሃል ከተማን አቋርጣ፣ ትራፊክ ፖሊሱን ሰላም ብላ የምታልፍ እንድትሆን ነው።

የጀመርናት ከብሩክ ጋር ነበር። የቀድሞ ባሌ። ከዚህ በኋላ ብ. ብዬ ነው የምጽፈው፤ ሙሉ ስሙ ገጽ ይበላል። ስንፋታ መኪናዋ ሻንሲና ዝገት ነበረች። እሷን ተያት፣ ለቁራሌው ስጫት ብሎኝ አዲስ አበባ ገባ። አልሰጠኋትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ማታ

ፍሬኑ አየር ይዟል። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ የማስተንፈሻዋን ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይሄን ብቻዬን የምሠራበት መሣሪያ የለኝም። የምሠራበት መ/ቤት ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ብሠራት አንዱን ጠርቼ ርገጥልኝ እለው ነበር። እዚህ ግን ማንን?

እንጨት ቆረጥኩ። ባንድ ጫፉ ፔዳሉን ገፍቼ፣ ሌላውን ከወንበሩ ጋር አስደግፌ ገባሁ ከሥር። ቡሎኗን ስፈታ እንጨቱ ተንሸራተተ። ደግሜ ሞከርኩ። ተንሸራተተ። የፍሬን ዘይት ፊቴ ላይ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አላለቀስኩም፤ ዘይቱ ዓይኔ ገብቶ ነው። እሺ፣ ዓይኔ ከመግባቱ በፊትም እንባው ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት

ሆነ! እንዴት እንደሆነ ብታይ።

እትዬ ዘይነባ ከሱቅ ቀርተው ግቢ ውስጥ ነበሩ። አከራዬ ናቸው፤ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ታቦር ሰፈር ደግሞ ይሄ ግቢና እኔ አለንላቸው። መኪናዋን አይወዷትም። ዶሮዎቼ እንቁላል ያቆሙት በሷ ነው ይላሉ። ዛሬ ከሥሯ ወጥቼ፣ እንደገና ገብቼ፣ እንደገና ስወጣ አይተው መጡና ምን ሆንሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩን ከፈቱ፤ ሹፌሩ ቦታ ተቀመጡ። መሪ ይዘው አያውቁም።

«ይርገጡ!» እላለሁ ከሥር።

«ረገጥኩ!»

«እንዳይለቁት!»

«እስከ መቼ ነው የማልለቅ?»

«ይልቀቁ እስክልዎት!»

መጀመሪያ ፈርተው ቶሎ ቶሎ ይለቁ ነበር። ቆይተው ለመዱት። ኋላማ እኔ ሳልጠራ «ልርገጥ?» ይሉ ጀመር። ከተኛሁበት የሚታየኝ በሩ ሥር የወጣው የቀሚሳቸው ጫፍ ብቻ ነው። እንደዚያ ሆነን ድንገት ጠየቁኝ።

«ሂሩትዬ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለማን ነው?»

ዘይቱን እያየሁ ነበር። አረፋው አልቆ ንጹህ መውረድ ጀምሯል። ለራሴ ነው አልኩ። እሳቸውም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለራሳቸው ብለው አንድ ነገር አድርገው እንደማያውቁ፣ ሱቁም ለልጆች፣ ቤቱም ለልጆች እንደሆነ ነገሩኝ። ልጆቹ ደግሞ የሉም። አንዱ ወራቤ፣ ሌላው ጅማ።

ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ሻይ ጋበዙኝ፤ ሥራ አለብኝ ብዬ አልሄድኩም። ሥራ አልነበረብኝም። ለምን እንደዚህ እንደማደርግ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ተነሳች።

ተነሳች ተነሳች ተነሳች።

ሞተሪኖው ሁለቴ አጓራ፣ ሦስተኛው ላይ ያዘች። ቆርቆሮው ጣራ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት ውሻ ሸሸ። እግሬን ትንሽ ጫን ሳደርግ ወንበሩ ከሥሬ ነዘረኝ፤ ቆማ እኮ ነው! አጠፋኋት። አስነሳኋት። አጠፋኋት። በሌጣው ቱቦ፣ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ሳይኖር፣ የድምፁን ነገር አትጠይቀኝ።

እትዬ ዘይነባ ሱቅ ናቸው። ግቢው ባዶ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ሄድኩባቸው። ለእናቴ ብደውል መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ ወይ ነው፤ ቀጥሎ ያ ከይርጋዓለም ሊያገባሽ የመጣው አስተማሪ ምን ሆነ ነው። የመ/ቤት ልጆች ዓርብ ማታ ተሰብስበው ነው፤ እኔን መጥራት ካቆሙ ቆዩ፣ ጥፋቱም የኔ ነው፤ ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ እላለሁ። አስነስቼ የሞተሯን ድምፅ ቀዳሁት። ደግሜ ሰማሁት። ለማን እንደምልከው ሳጣ አጠፋሁት።

ስለዚህ ለአንተ። ተነሳች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቀኑን ሙሉ ላታሞ ጋ። በያጅ ነው፤ መሃል ከተማ መንገድ ዳር ሱቅ አለው። ኮፈኗ ላይ ቀዳዳ አውጥተን ከላይ የአየር መሳቢያ ሣጥን በላሜራ ሠራን፤ እንደ ድራጎቹ፣ ከፍ ያለ። ላታሞ አማርኛው ጥቂት ነው፤ ከደንበኛ ጋር ሲዳምኛ ሲያወራ ግን የማይስቅ ሰው የለም። እኔ ጋ ሲደርስ ወሬው ያጥራል። የኔ ሲዳምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ በጣት ነው የምንሠራው። እዚህ። አይደለም፣ እዚህ። እሺ።

ሲጨርስ መነጽሩን አንስቶ ራቅ ብሎ አያት።

«ይቺ መኪና ተቆጣች» አለ።

ሳቅኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ባለቤትሽ መቼ ያያታል ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤት የለኝም አልኩት። አፈረ። ሚስቱ የላከችለትን ዋሳ፣ የእንሰቱን ቂጣ፣ ቆርሶ ሰጠኝና ቆመን በላን። ቤቱ መጥቼ እንድጠይቃቸው ነገረኝ፤ እሑድ። እሺ አልኩ። እንደማልሄድ ሁለታችንም ገብቶናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማታ

ፈቃድ ወስጄ የመኪና ምርመራ ጣቢያ ሄድኩ። ወደቅን።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ጨዋ። መኪናዋን ዞራት። ጎንበስ አለ። አስነሺያት አለኝ። አስነሳኋት። ጆሮውን ይዞ መኪና ነው አውሮፕላን ነው ያመጣሽው አለ። የገጠምኩላት ማርሚታ ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። የኋላ ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው ወጥተዋል፤ ድንጋይ ሰው ላይ ይረጫሉ፤ ይሸፈኑ። ኮፈኑ ላይ ያለው ሣጥን የሹፌሩን እይታ ይጋርዳል፤ ይውረድ። በነዚህ አልተከራከርኩም። ልክ ነው። ፍሬኑን ሲለካ ግን ቀና ብሎ አየኝ። እጅግ ጥሩ ነው አለ። ያቺን ቃል ይዤ ነው ወደ ቤት የመጣሁት።

የመጨረሻው ነው የከበደኝ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። እንዲቀየር ባለንብረቱ ራሱ መንገድ ትራንስፖርት ቀርቦ ማመልከት አለበት። ሊብሬውን አገላብጦ ባለንብረቱ አቶ ብሩክ ናቸው፣ ይምጡ አለኝ።

ይምጡ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አልደወልኩም። ማርሚታ ገዛሁ፤ ረጅም፣ ድርብ። ድምፁ ወፍራም ሆነ እንጂ አልሞተም። ደስ ይላል። አልደወልኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከሰዓት

አጭር መልእክት ጻፍኩ። ሰላም፣ ሂሩት ነኝ፣ ስለ መኪናዋ ጉዳይ። አምስቴ አስተካከልኩት፤ መጨረሻ የላክሁት የመጀመሪያውን ነው። ወዲያው ደወለ። ወዲያው! ድምፁ አልተለወጠም። መኪናዋ አለች፣ የሞተሩን ቁጥር ለማስቀየር ያንተ ፊርማ ያስፈልጋል አልኩት። ከዚያ እመጣለሁ አለ። ስሟም ወደ አንቺ ይዙር፣ እፈርማለሁ፣ ምን ችግር አለው።

ይሄን ያህል ቀላል ነበር?

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቱን ጠረግሁ። ለምን እንደጠረግሁት አትጠይቀኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ላታሞ ጋ እንደገና። ሣጥኑን ቆርጠን አወረድነው፤ አሁን መንገዱ ከመሪው በላይ ጥርት ብሎ ይታያል። የኋላ ፓራፋንጎዎቹን በላሜራ አሰፋናቸው። እንዲያውም አማረባት። ከኋላ ስትታይ ወገቧን የያዘች ሴት ትመስላለች። ቀለም የለም፤ ግራጫ እንደሆነች ትቆይ።

መመለሻዬ ላይ ጫማ ገዛሁ። ተረከዝ ያለው። ቤት ገብቼ ሳየው ተናደድኩ። በሱ ፍሪሲዮን አይረገጥም። አልጋ ሥር ወረወርኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8። ማታ

መጣ።

ወፍሯል። ጢሙን አሳጥሮ ተስተካክሏል። ጥፍሮቹ ንጹህ ናቸው፤ መጀመሪያ ያየሁት እነሱን ነው። በበሩ ገብቶ ሰላም ሳይለኝ መኪናዋን አያት። ዞራት። ጎማዋን ነካ። ኮፈኑን አነሳ። እጆቼን የማደርግበት አጥቼ ቆሜያለሁ፤ እንደ ተማሪ።

«ማን ሠራልሽ?» አለ።

«እኔ።»

«አይ፣ ማለቴ ሞተሩን።»

«እኔ ነኝ ብሩክ።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም። የኤሌክትሪኩን ነገርማ ድሮም የምትሠሪው አንቺ ነበርሽ አለ፤ ብየዳው የላታሞ ነው ስለው፣ ያ በያጅ ጎበዝ ሳይሆን አይቀርም አለ። እትዬ ዘይነባ ከበራቸው ሆነው ያዩናል። ዛሬ ሰላምታቸው እንኳ ቀዝቃዛ ነበር።

ሆቴል ነው ያረፈው። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ይሄው እስካሁን ቦታው ይታወቀኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ትናንት ፈረመ። ሞተሩም ተመዘገበ፤ ስሙም ዞረ። ዛሬ ምርመራ። ያው መርማሪ። አስነሺያት አለኝ፤ ጆሮውን ሊይዝ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ሁሉንም አየ፤ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ቀበቶ፣ ስቶፕ መብራት። አልፋለች። ቦሎዋን መስታወቷ ላይ ራሴ ለጠፍኩ። ትንሽ ጠመመች። ትጥመም።

ብ. ከኋላ ቆሞ እያጨበጨበ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ለዚህች መኪና የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ደስ አለኝ። ብዋሽህ ምን ይጠቅመኛል፤ በጣም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11። ከሰዓት

ጠዋት ወጣን። ልንዳት አለኝ። አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምነዳት አልኩት። ጎኔ ተቀመጠ፤ በትዳራችን ዘመን አንድም ቀን ጎኔ ተቀምጦ አያውቅም።

ከጥቁር ውሃ ወዲያ፣ መንገዱ ቀጥ የሚልበት ቦታ። ከፊትም ከኋላም ማንም የለም። ቆምኩ። ፍሪሲዮን። አንደኛ። ለቀቅኩ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ። ፊቷ ቀና አለ። ወንበሩ ዋጠኝ። ሆዴ ኋላ ቀረ። ዛፎቹ ዛፍ መሆናቸው ጠፋ። ብ. ይጮሃል፤ ቀይሪ! አሁን ቀይሪ! አሁን! እኔ እሱን አልሰማሁትም፤ ሞተሯ ስትለኝ ቀየርኩ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ የተፈቀደው ፍጥነት ላይ ደረስን፤ እግሬን አነሳሁ። አለቀ። ይቺው ናት፣ ጥቂት ሴኮንድ። ቀስ ብለን እንደማንኛውም ሰው ሄድን። አንድ ጋሪ በሰላም አለፈን።

ብ. ሳቀ። ያ የድሮው ሳቁ፣ እንባ የሚያመጣው። እኔም ሳቅኩ።

ተመልሰን ፉል በላን። እዚያ ነው የነገረኝ። ቃሊቲ አካባቢ ጋራዥ ከፍቷል። አብራው የነበረችው ሴት ሄዳለች። ነይ አለኝ፤ ከነመኪናሽ። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ደንበኛ አመጣለሁ፤ መኪናዋ በር ላይ ትቆማለች፤ አዲስ አበባ እንደዚህ ዓይነት መኪና የሚያሠራ ወጣት ሞልቷል። እጄን ያዘ።

«ብቻሽን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ላስብበት አልኩት። ከሰዓት ባስ ይዞ ሄደ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13። ማታ

መሄድ እፈልጋለሁ።

ጻፍኩት፤ ይኸው። መሄድ እፈልጋለሁ። ከሥራ ስመጣ ቤት ውስጥ ሰው እንዲኖር፣ ዛሬ ካምቢዮው እንዴት ሆነ የሚለኝ። መኪናዋ ካለቀች ወዲህ ማታ ማታ የምሠራው የለኝም። ራት በልቼ ቁጭ ነው። ከሥሯ ተኝቼ ሳለሁ ጸጥታው እንዲህ አይሰማኝም ነበር። ዛሬ ያለ ምክንያት ጎማዎቿን አጠብኩ። ትናንትም አጥቤያቸው ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

መ/ቤት ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ መጣ። ይቺን አያችሁ፣ የኛ ክልል ታርጋ ነው እኮ። ልጆቹ ተሰበሰቡ። እኔም አየሁ።

እሷ ናት። ግቢዬ ውስጥ ቆማ፣ የእትዬ ዘይነባ የልብስ ገመድ ከኋላዋ ይታያል። ብ. ከፊቷ ቆሟል፤ እጁ ኮፈኗ ላይ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ጽፏል፦ የኔ እጅ ሥራ ናት፣ በቅርብ ቀን ጋራዣችን በር ላይ ትመለከቷታላችሁ። ከዚያ የሰው አስተያየት። እጅህ ይባረክ። ጀግና። ብሩኬ አንተ እኮ።

ልጆቹ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሞተሩ ይሄ ነው፤ አይደለም፣ ያ ነው። ማናቸውም አላገኙትም። እኔ ሽሮዬን ጨርሼ እጄን ታጠብኩ። የኔ ናት ማለት ሁለት ቃል ነበር። አላልኩም። ማንስ ያምነኛል? አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅ።

ማታ ደወልኩለት። አልተቆጣሁም፤ ጠየቅሁት ብቻ። እሱም አልዋሸም። ለሥራው ነው አለኝ። ሴት ሠራችው ብል ማን መኪናውን ያመጣልኛል? ስትመጪ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ደግሞስ የኔ ያንቺ ምንድን ነው፣ አብረን አይደል የጀመርናት?

አብረን ጀመርናት። እውነት ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ይሄን ደጋግሜ ለራሴ ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከሱ ጋር በነበርኩበት ጊዜም እንዲሁ ዝም ብዬ እጄን እየታጠብኩ ነበር የኖርኩት። ያኔም ብቻዬን ነበርኩ። ያኔ ግን ብቻዬን መሆኔን የምነግረው አልነበረኝም፤ አንተን እንኳ አልጀመርኩህም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ገብርኤል። ከተማው በሰው ተጥለቅልቋል፤ መንገዱ ሁሉ ነጭ። ሄጄ ተሳልሜ መጣሁ። ከዚያ ደወልኩለት።

አልመጣም አልኩት። መኪናዋም አትመጣም። ፎቶውን አንሳው፤ ካላነሳኸውም ያንተ ጉዳይ ነው። ድምፁ ለስልሶ፣ አንቺ ልጅ ብቻሽን ታረጂያለሽ አለኝ። ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። ይሆናል አልኩት። ልክ ሠራሁ ብዬ አልደነፋብህም።

ግን ወሰንኩ። ነገ ጠዋት በባጃጅ አልሄድም። መኪናዋን ይዤ ሥራ እገባለሁ። ልጆቹ መጥተው ይክበቧት። የሚጠይቅ ይጠይቅ። እመልሳለሁ፤ ሞተሩ ምን እንደሆነ፣ ዲፈረንሻሉ ከየት እንደመጣ፣ ፍሬኑን ማን እንደረገጠልኝ። የማያምነኝ ካለ ኮፈኑን ከፍቼ እዚያው አሳየዋለሁ። ምናልባት ይስቁብኛል። ምናልባት ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ወንበር ይስብልኛል። አላውቅም።

የመ/ቤቱ በር ጠባብ ነው፤ ጎማዎቿ ሰፍተዋል። ሁለቱንም ተካፋች እንዲከፍቱልኝ ለጥበቃው ቀድሜ ልደውል ይሆን?

አይ። አልደውልም። በር ላይ ደርሼ ክላክስ አደርጋለሁ።